ጢም ለምን በቀለ? ከአርባ ምንጭ ደን እስከ ሞታ ዋሻ

ከአርባ ምንጭ ከተማ ግርጌ፣ ለከተማይቱ ስሟን ያወጡላት ምንጮች ከሚፈልቁበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ፣ ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲወረወር ማየት የተለመደ ነው። ጥቁር ፊቱን ከግንባሩ ጀምሮ በሁለቱ ጉንጮቹ ወርዶ ከአገጩ ሥር የሚጋጠም ነጭ ጠጉር ከቦታል፤ ላየው ሰው አንድ በዕድሜ የገፋ መነኩሴ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል የሚመለከት ይመስለዋል። ጀርመናዊው አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ይህን እንስሳ ለሳይንስ ዓለም ሲያስተዋውቅ የሰጠው ስም ራሱ በአገራችን የሚጠራበት «ጉሬዛ» የሚለው ቃል ነበር። ለያዝነው ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የጉሬዛ ነጭ ጢም በወንዱም በሴቷም ላይ ይበቅላል። የሰው ጢም እንደዚህ አይደለም። ወንዱም ሴቷም በሕፃንነታቸው ለስላሳ ፊት ይዘው ያድጋሉ፤ ወንዱ ለአካለ መጠን ሲደርስ ጢሙ ማቀምቀም ይጀምራል፤ ሴቷ እንደ ነበረች ትቀራለች።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ለምንስ ጠቀመ? ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የተነሣ ይመስላል እንጂ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል፤ ባንድ ወቅትም ሕዝቦችን ከፍና ዝቅ አድርጎ ለመመደብ ሰበብ ሆኖ አገልግሏል። የጋሞ ምድር በዚህ ክርክር ውስጥ ከሚታሰበው በላይ ቦታ አለው።

አስቀድሞ ስለ ጢም አበቃቀል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የጠጉር ሥሮች በሁለቱም ፆታዎች ፊት ላይ ይገኛሉ። የሴቷ ፊት ላይ ያለው ጠጉር ደቃቅና ቀለሙ የሳሳ በመሆኑ አይታይም እንጂ ሥሩስ አለ። ወንዱ ለአካለ መጠን ሲደርስ ቴስቶስቴሮን የተባለው ሆርሞንና ከእርሱ የሚመነጨው ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮን ያንኑ ደቃቅ ጠጉር ወደ ወፍራምና ጥቁር ጠጉር ይለውጡታል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄምስ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ለአካለ መጠን ሳይደርሱ የተሰለቡ ሰዎችን መርምሮ እንደ ሌሎች ወንዶች ጢም እንደማያበቅሉ፣ ራሳቸውም በራ እንደማይሆን አሳይቷል። አንዱ ሆርሞን አገጭ ላይ ጠጉር የሚያበቅል፣ አናት ላይ ደግሞ የሚያረግፍ መሆኑ እስከ ዛሬ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ1970 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣች አንዲት አጭር ጽሑፍ ሳትጠቀስ ልትታለፍ አይገባም። ጸሐፊው ስሙን አልገለጸም። ራቅ ባለች ደሴት ላይ ለሥራ በብቸኝነት የሚሰነብት ሰው ነበር፤ በየቀኑ ከምላጩ ላይ የሚራገፈውን የጢሙን ብናኝ እየሰበሰበ በሚዛን ይመዝን ጀመር። ወደ ዋናው ምድር ተመልሶ ወዳጁን የሚያገኝበት ቀን ሲቃረብ የብናኙ ክብደት እንደሚጨምር ደረሰበት። መዝጋቢውም ተመዝጋቢውም አንድ ሰው የሆነበት ጥናት ለማስረጃነት ብዙ አያኮራም፤ ይሁን እንጂ ጢም የሆርሞን ተገዢ መሆኑን ከብዙ ረዣዥም መጻሕፍት ይልቅ በግልጽ ያስረዳል። ስሙን የደበቀበትን ምክንያት አንባቢ አያጣውም።

ይህ ሁሉ ግን ጢም እንዴት እንደሚበቅል እንጂ ለምን እንደበቀለ አይነግረንም። «ለምን» የሚለውን ጥያቄ በዝግመተ ለውጥ መልክ ያቀረበው ቻርልስ ዳርዊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ ባሳተመው ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ውስጥ፣ ለኑሮ ትግል የማይጠቅሙ የሚመስሉ ጌጦች ለምን እንደኖሩ ለማስረዳት የፆታ ምርጫ የሚለውን ሐሳብ አስፋፋ። ጣዎስ ያን የመሰለ ጭራ የተሸከመው እንስቷን ለመማረክ እንደሆነ ሁሉ፣ የሰውም ጢም ተቃራኒ ፆታን የሚያማልል ጌጥ ሆኖ የዳበረ ነው አለ። ምስክር አድርጎ የጠራው የዝንጀሮና የጦጣ ወገኖችን ነበር፤ በአንዳንዶቹ ዘንድ ጢም በሁለቱም ፆታዎች እኩል እንደሚገኝ፣ በሌሎቹ ደግሞ በወንዱ ላይ ብቻ እንደሚኖር ወይም በወንዱ ላይ እንደሚበዛ አመለከተ። የአርባ ምንጩ ጉሬዛ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው። ዳርዊን ራሱ በተለይ የሚታወቅበትን ረጅም ጢም ያሳደገው ዕድሜው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1866 በለንደን በተደረገ የሊቃውንት ግብዣ ላይ የቀድሞ ወዳጆቹ አላወቁት ብለው ማንነቱን እየተናገረ ለመተዋወቅ ተገድዷል ይባላል። ጢም ፊትን ምን ያህል እንደሚለውጥ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

የዳርዊን ሐሳብ ትልቅ ቢሆንም አንድ እዳ ከቀደሙት ወርሷል። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው የተፈጥሮ ምደባ ሰዎችን በየአህጉሩ ሲከፋፍል የአሜሪካን ነባር ሕዝብ ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱን የጢም መሳሳት አድርጎት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ጸሐፊዎች ጢመ ብዙውን ሕዝብ ጀግና፣ ጢመ ሳሳውን ልፍስፍስ እያሉ ጻፉ። ዳርዊንም ሕዝቦችን በጢማቸው ብዛት እየደረደረ ባነጻጸረባቸው ገጾች ከዘመኑ አስተሳሰብ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ዛሬ የምናውቀው ነገር ይህን ድርድር ከሥሩ ያናጋዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በላቲን አሜሪካ ሕዝቦች ላይ የተደረገ ሰፊ የዘረ መል ጥናት ከጢም ጥቅጥቅታ ጋር የተያያዙ በርካታ ቦታዎችን አግኝቷል፤ ከእነርሱም አንዱ ኢ ዲ ኤ አር የተባለው፣ በምሥራቅ እስያ ሰዎች ዘንድ የራስ ጠጉርን ውፍረት፣ የጥርስን ቅርጽና የላብ ዕጢዎችን ጭምር የሚነካው ዘረ መል ነው። እንግዲህ የአንድ ሕዝብ ጢም የሳሳው ወንድነት ስለጎደለው ሳይሆን፣ ምናልባት ላብን ወይም ሌላን ነገር የሚመለከት ለውጥ በጎን ይዞት የመጣ ውጤት ስለሆነ ሊሆን ይችላል።

ከፆታ ምርጫው ሐሳብ ጎን ሌላ የቆመ ሐሳብ አለ፤ ጢም ጋሻ ነው የሚል። የዚህ ሐሳብ ዋና ጠበቃ በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርስቲ ባዮሎጂስት ዴቪድ ካሪየር ነው። እርሱና ማይክል ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጽሑፍ የጥንታዊ ቅድመ ሰዎች ፊትና መንጋጋ የጠነከረው የቡጢን ምት ለመቋቋም ነው ብለው ተከራከሩ። የዚህ ዓይነት ክርክር የሚያርፈው በአጥንት ላይ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ የሚገኘው የኮንሶ ምድር ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ብርሃነ አስፋውና ባልደረቦቻቸው በኮንሶ ጋርዱላ ከተገኙት ቅሪቶች መካከል 1.4 ሚሊዮን ዓመት የሚሆነው የሆሞ ኢሬክተስ መንጋጋ ጥርሶቹን እንደያዘ ወጥቷል። ያ መንጋጋ ጢም ተሸክሞ እንደነበረና እንዳልነበረ ግን አይናገርም። አጥንት ይቆያል፤ ጠጉር ይበሰብሳል። ስለዚህም የጢም ታሪክ ተመራማሪ ከቁፋሮ ይልቅ በሙከራ ላይ መመካት ግድ ይሆንበታል።

ሙከራው መጣ። ኢታን ቤሰሪስ፣ ስቲቨን ናሌዌይና ካሪየር እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት ጥናት ለመሐንዲስ ዓይን የሚጥም ነው። አጥንትን የሚተካ ከፋይበርና ከኤፖክሲ የተሠራ ቁራጭ አዘጋጁ፤ በላዩም የበግ ቆዳ አለበሱት። አንዳንዱ ቆዳ ከነሙሉ ጠጉሩ ነበር፤ አንዳንዱ የተሸለተ፣ አንዳንዱም ጨርሶ የተነጨ። ከዚያም በላዩ ላይ ክብደት ከከፍታ እየለቀቁ፣ ቁራጩ የሚቀበለውን ኃይልና የሚውጠውን ጉልበት ለኩ። ጠጉራሙ ናሙና ከተነጨው ይልቅ 37 በመቶ የበለጠ ጉልበት ዋጠ፤ የተሸከመው ከፍተኛ ኃይልም 16 በመቶ በለጠ። ምክንያቱም ምሥጢር አይደለም፤ ጠጉሩ የምቱን ጊዜ ያራዝመዋል፤ ምቱ በረጅም ጊዜ ላይ ሲበተን ስብራቱ ይዘገያል። የመኪና ፓራውልት የሚሠራውም በዚሁ ሕግ ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ የሚያስቁ ኋላ የሚያሳስቡ ምርምሮች የሚሸለሙበትን የኢግ ኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝቷል።

ልኬቱ ትክክል ነው፤ ጥርጣሬው ያለው ከልኬቱ ወደ መደምደሚያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አንደኛ ነገር፣ ደበሎ ጢም አይደለም። የቆሎ ተማሪ በብርድ ሌሊት የሚጠቀለልበት ደበሎ ጥቅጥቅታውና ውፍረቱ ከአብዛኛው ሰው ጢም ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛ፣ ጋሻነቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ጢመ ሙሉ ተፋላሚዎች ከተላጩት ይልቅ በረቱ በተባለ ነበር፤ ባርናቢ ዲክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 የቅይጥ ማርሻል አርት ተፋላሚዎችን ውጤት መርምረው ጢም ለአሸናፊነት ያበረከተው ነገር አላገኙም። ሦስተኛውን የጥንት ሰዎችም ያውቁት ነበር፤ ፕሉታርክ እንደጻፈው ታላቁ እስክንድር ወታደሮቹን ጢማቸውን እንዲላጩ ያዘዘው ጠላት በጢማቸው ይዞ እንዳይጎትታቸው ነው። እስራኤላዊው ባዮሎጂስት አሞትስ ዛሃቪ ይህንኑ ድክመት ገልብጦ ማስረጃ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው የእንቅፋት ሐሳብ መሠረት፣ በቀላሉ የሚያዝ ነገር ፊቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚሄድ ወንድ «ማንም አይደፍረኝም» ብሎ መናገሩ ነው። ብልህ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ጋሻ ሲሆንም ማስረጃ፣ እጀታ ሲሆንም ማስረጃ የሚሆን ነገር በምን እንደሚፈተን ጠያቂው እንዲያስብበት ያስገድዳል።

ስለ ጋሻ ከተነሣ የአንበሳን ጎፈር መተው አይቻልም፤ ዳርዊንም ጎፈር አንገትን ከንክሻ ይጠብቃል ብሎ ገምቶ ነበር። ፔይተን ዌስትና ክሬግ ፓከር እ.ኤ.አ. በ2002 በሴሬንጌቲ ጎፈራቸው የተለያየ አንበሳ መሳይ አሻንጉሊቶችን ሜዳ ላይ አቁመው የእውነተኞቹን አንበሶች አመጣጥ ተከታተሉ። እንስቶቹ ጥቁር ጎፈር ወዳለው አዘነበሉ፤ ወንዶቹ ረጅም ጎፈር ያለውን ሸሹ። የኋላ ጥናታቸውም ጎፈር ከቁስል ይጠብቃል የሚያሰኝ ጽኑ ማስረጃ አላገኘም። በዚህ ላይ ጎፈር ሙቀትን ያባብሳል፤ ተሸካሚው ዋጋ ይከፍልበታል። እ.ኤ.አ. በ1948 በተመሠረተው የአዲስ አበባ አንበሳ ግቢ የነበሩት፣ ጎፈራቸው ደረታቸውንና ሆዳቸውን የሸፈነ አንበሶች እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ በሆነ ጥናት በዘረ መላቸው ከሌሎች አንበሶች የተለዩ ሆነው ተገኝተዋል። ይህን የሰማ ሰው ጎፈራቸውን የዘር ብቻ ውጤት አድርጎ እንዳይቸኩል፣ በብርድ አገር የሚጠበቁ አንበሶች ጎፈር እንደሚረዝም በሌላ ጥናት መታየቱን ማስታወስ ይገባል። የአዲስ አበባ ብርድ የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

ብርድ ከተባለ፣ ጢም ፊትን ለማሞቅ በቀለ የሚለውን ሐሳብ ለመመዘን ጋሞን ያህል የተመቸ አገር በቀላሉ አይገኝም። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ በሐይቆቹ ዳር ትሞቃለች፤ ጨንቻ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ሆና በጉም ተሸፍና ትውላለች። በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ መንገድ ቆላውን ከደጋው ያገናኘዋል። ብርድ የጢም ምክንያት ቢሆን ኖሮ የጨንቻ ሴት በእንሰት ማሳዋ ውስጥ በማለዳ ጉም ስትሠራ ጢም ከወንዱ እኩል ባስፈለጋት ነበር። ሐሳቡ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱን ፆታ እኩል የሚያገኝ ብርድ በአንዱ ፆታ ላይ ብቻ የሚበቅልን ነገር ሊያስረዳ አይችልም። የራስ ጠጉር ነገር የተለየ ነው። ቲና ላሲሲና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት፣ ሙቀት በሚለካ ሰው ሠራሽ አሻንጉሊት ራስ ላይ ከሰው ጠጉር የተሠራ ልዩ ልዩ ዊግ እያደረጉ የፀሐይ ጨረር በሚመስል ሙቀት ሲፈትኑት፣ በጣም የተጠቀለለው ጠጉር ራስን ከፀሐይ ከሁሉ ይልቅ ጠበቀ። የራስ ጠጉር በወንዱም በሴቷም ላይ ስላለ ይህ ማስረጃ ከጥያቄው ጋር ይገጥማል።

የቀረው ሐሳብ ጢም ምልክት ነው የሚለው ነው፤ ጥያቄው ለማን የተላለፈ ምልክት ነው የሚለው ሆነ። ዲክሰንና ፖል ቬዚ እ.ኤ.አ. በ2012 አንዱን ሰው ጢሙን አሳድጎና ተላጭቶ ፎቶግራፍ እያነሡ፣ ምስሎቹን በኒው ዚላንድና በሳሞአ ላሉ ሰዎች አሳዩ። ሴቶቹ ለመልክ የመረጡት የተላጨውን ነበር። ነገር ግን ወንዶችም ሴቶችም ባለ ጢሙን በዕድሜ የገፋ፣ ክብር ያለው፣ ሲቆጣም የበለጠ የሚያስፈራ አድርገው አዩት። የዳርዊን ጌጥ በዚህ ፈተና ተንገዳገደ፤ ምልክቱ የሚነበበው ከሴቷ ይልቅ በሌላው ወንድ ዘንድ ይመስላል። ለመልክ የሚሰጠው ፍርድ ደግሞ ተለዋዋጭ ነው። ድዋይት ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1976 በለንደን ሥዕላዊ ጋዜጣ ላይ ከ1842 እስከ 1972 የታዩ ወንዶችን ጢም ቆጥሮ ፋሽኑ እንደ ማዕበል ቀስ እያለ እንደሚወጣና እንደሚወርድ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሌላ ጥናትም ጢም ብርቅ ሲሆን እንደሚወደድ፣ ሲበዛ ግን የተላጨ ፊት እንደሚወደድ አመልክቷል።

የአገራችን ሠዓሊዎች የጢምን ምልክትነት ያለ ጥናት ያውቁታል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሰውነታቸው ሁሉ በጠጉር ተሸፍኖ፣ ረጅም ጢም አውርደው፣ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው ይሥሏቸዋል፤ ተመልካች ዕድሜንም ቅድስናንም ከዚያ ጠጉር ላይ ያነባል።

ይሁን እንጂ ምልክት የሚለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ ይሻል፤ ይህን ያስተማረውም የጋሞ ደጋ ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ዳን ስፐርበር በዶርዜ ባካሄደው ጥናት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ምሳሌያዊ ልማዶች አንድ መጽሐፍ አወጣ። ካስጨነቁት ጥያቄዎች አንዱ ሹመት የተቀበሉ ሰዎች በሥርዓቱ ቀን አናታቸው ላይ የሚያደርጉት ትልቅ ቅቤ ምን ማለት ነው የሚለው ነበር። መዝገበ ቃላት እንደሚገለጥ ያለ አንድ ቁርጥ ፍች ሊያገኝለት አልቻለም። ስለዚህም እንዲህ ያለ ነገር ላኪና ተቀባይ ተስማምተው የሚፈቱት የምሥጢር ጽሑፍ እንዳልሆነ፣ ተመልካቹ ካለው ሌላ ዕውቀት ጋር እያያያዘ የሚያስብበት ነገር እንደሆነ ተከራከረ። ቅቤው ስለ ሀብት፣ ስለ ድግስ፣ ስለ ክብር ያሳስባል እንጂ አንዱን ብቻ አይልም። በጢም ላይ የሚሠሩ ብዙ ጥናቶች ፎቶግራፍ አሳይተው ነጥብ ሲሰበስቡ ይህን ልዩነት ይዘነጉታል። በሳሞአና በኒው ዚላንድ የተነበበ ፊት በዱቡሻ፣ ማለትም በጋሞ የጉባኤ አደባባይ፣ እንደዚያው ይነበባል ብሎ መደምደም አይቻልም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቁጣ አደባባይ የወጡ ወጣቶች ንብረት ለማውደም በተነሡ ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። በካሪየር ሚዛን የሚለካ አንዳች ኃይል በዚያ ስፍራ አልነበረም፤ የዕድሜ ክብር ግን ነበር።

ወደ ጥንቱ ሰው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2011 የጋሞ ሽማግሌዎች በጦርነት ዘመን መሸሸጊያ የነበረውን የሞታን ዋሻ ለካትሪንና ለጆን አርተር እንዲሁም ለማቲው ከርቲስ አሳዩአቸው። በተከታዩ ዓመት በቁፋሮው ከድንጋይ ክምር ሥር የተቀበረ የአንድ ወንድ አፅም ተገኘ፤ ዕድሜው 4,500 ዓመት ያህል ነው። በጆሮ ውስጠኛ ክፍል ዙሪያ ካለው ጠንካራ አጥንት የወጣው ዲ ኤን ኤ ከአፍሪካ የተገኘ የመጀመሪያው ሙሉ ጥንታዊ የዘር መልእክት ሆኖ በጥቅምት ወር 2015 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ታተመ። ተመራማሪዎቹ ለሰውየው «ባይራ» የሚል የጋሞኛ ስም አወጡለት፤ በኩር ማለት ነው። ዓይኑ ቡናማ እንደነበረ፣ ቆዳው ጠቆር ያለ እንደነበረ፣ በደጋ አየር ለመኖር ከሚያግዙ ለውጦች የተወሰኑት እንደነበሩት፣ ዛሬ ካሉት ሕዝቦችም ለአሪ እንደሚቀርብ ከዘር መልእክቱ ተነበበ።

ጢሙስ? ይህን ማንበብ አልተቻለም። ጢም በብዙ ዘረ መሎች ድምር ውጤት የሚወሰን ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል የታወቁት ጥቂቶች የተገኙት በሌላ አህጉር ሰዎች ላይ ነው፤ በእነርሱ መስፈሪያ የጋሞን ሰው ጢም መስፈር ባልተስተካከለ ሚዛን እንደ መመዘን ይሆናል። የሞታ ጥናት ራሱም በዚህ በኩል ያስተማረው አለ። ከታተመ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ፣ አጥኚዎቹ ስሕተት መፈጸሙን በግልጽ አስታወቁ። ሁለት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች እርስ በርስ አልተጣጣሙም ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከአውሮጳና ከእስያ አቅጣጫ ወደ አፍሪካ የተመለሰው ሕዝብ አሻራ እስከ ምዕራብና ማዕከላዊ አፍሪካ ድረስ ደርሷል የተባለው ተጋንኖ ተገኘ። በምሥራቅ አፍሪካ ላይ የተባለው ጸና፤ የቀረው ተሰረዘ። አፅሙ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው መሣሪያው ነበር። ስሕተታቸውን ራሳቸው አሳትመው ማረማቸው ያስመሰግናቸዋል፤ የመጀመሪያውን ዜና ያነበበ ሁሉ ግን እርማቱን አላነበበም።

ባይራ ጢም ይኑረው አይኑረው ሳይታወቅ፣ ከዋሻው በታች ባለው ቆላ በአርባ ምንጭ ደን ውስጥ ጉሬዛው ዛሬም ይወልዳል። ግልገሉ ሲወለድ እንደ ወላጆቹ ጥቁርና ነጭ አይደለም፤ መላ አካሉ ነጭ ነው፤ የመንጋው እንስቶችም እየተቀባበሉ ያቅፉታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ነጩ ጠጉር ከሰውነቱ ላይ እየለቀቀ በጥቁር ይተካል፤ በፊቱ ዙሪያ ያለው ነጭ ግን ጢም ሆኖ ይቀራል፤ ያን ጊዜ እንደ ሕፃን መታቀፉ ይቀርበታል።